ፕሮሰሰርና ማዘርቦርድ እንዴት ይመረጣሉ? በመካከለኛ በጀት ቤት ውስጥ ኮምፒውተር ለመገጣጠም ላሰባችሁ

ልጅ ዩኒቨርሲቲ ወይም ኮሌጅ ሲገባ፣ አለበለዚያም የሙያ ኮርስ ሲጀምር፣ ቤት ውስጥ መጀመሪያ ከሚነሱት ወጪዎች አንዱ ኮምፒውተር ነው። በቤርሼቫ በቤን ጉርዮን ዩኒቨርሲቲም ሆነ በሳሚ ሻሙን የምህንድስና ኮሌጅ የሚማር ሰው ያለ ደህና ኮምፒውተር የቤት ሥራውን መጨረስ ይቸግረዋል። በዚህ ላይ ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ በአብዛኞቹ የቆዩ ኮምፒውተሮች ላይ አይጫንም፤ ከኢንቴል ከ8ኛው ትውልድ ጀምሮ፣ ከኤኤምዲ ደግሞ ከራይዘን 2000 ተከታታይ ጀምሮ ያሉትን ፕሮሰሰሮች ይፈልጋል። ስለዚህ ቤት ውስጥ ያለውን የቆየ ኮምፒውተር መቀየር ለብዙ ቤተሰብ የግድ ሆኗል።

የተገጣጠመ ከመግዛት ይልቅ ክፍሎቹን ለየብቻ ገዝቶ ቤት ውስጥ መገጣጠም ገንዘብ ሊያስቀር ይችላል። ከዚያም በላይ ገንዘባችሁ በትክክል የት እንደዋለ ታውቃላችሁ። ነገር ግን አንድ አደጋ አለው። ፕሮሰሰሩን ከአንድ ቦታ በቅናሽ፣ ማዘርቦርዱን ከሌላ ቦታ በቅናሽ ገዝቶ ቤት ሲደርስ ሁለቱ የማይገጥሙ ከሆነ ቅናሹ ኪሳራ ይሆናል። የዚህ ጽሑፍ ዋና ምክር አንድ ነው፤ ፕሮሰሰርና ማዘርቦርድ እንደ አንድ ዕቃ አብረው ይመረጣሉ እንጂ ለየብቻ አይገዙም።

መጀመሪያ ሥራውን፣ ከዚያ ገንዘቡን ወስኑ

ፕሮሰሰር የኮምፒውተሩ አስሊ ክፍል ነው፤ የምንሰጠውን ትእዛዝ ሁሉ የሚሠራው እሱ ነው። ማዘርቦርድ ደግሞ ሁሉም ክፍሎች የሚሰኩበት ትልቁ ሰሌዳ ነው። ፕሮሰሰሩ፣ ማስታወሻው (ራም)፣ ዲስኩና የስክሪን ካርዱ እርስ በርስ የሚነጋገሩት በእሱ በኩል ነው።

ከመግዛታችሁ በፊት ኮምፒውተሩ ለምን እንደሚፈለግ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ። ለደብዳቤ፣ ለባንክና ለመንግሥት ጉዳዮች፣ ለዙም ትምህርትና ለቪዲዮ ብቻ ከሆነ አራት ኮር ያለው ፕሮሰሰር ይበቃል። ኮር ማለት በፕሮሰሰሩ ውስጥ ራሱን ችሎ የሚሠራ ክፍል ማለት ነው። ፕሮግራም መጻፍ ለሚማር ተማሪ ስድስት ኮር ጥሩ መነሻ ነው። በአንድ ኮምፒውተር ውስጥ ሌሎች ምናባዊ ኮምፒውተሮችን ለሚያስነሳ የሳይበር ወይም የኔትወርክ ተማሪ ግን ከፕሮሰሰሩ ይልቅ የማስታወሻው መጠን ይበልጥ ያስፈልገዋል፤ 16 ጊጋባይት ለመጀመር፣ 32 ጊጋባይት ለተመቻቸ ሥራ። ለጨዋታ የሚፈለግ ከሆነ ደግሞ ከገንዘቡ ትልቁ ድርሻ ወደ ስክሪን ካርዱ መሄድ አለበት።

በየቀኑ ይዞት ወደ ክፍል የሚሄድ ተማሪ ከሆነ ላፕቶፕ ይሻለዋል። የሚገጣጠመው ኮምፒውተር ቤት ተቀምጦ ለሚሠራ፣ ለብዙ ዓመት ለሚፈለግና ቀስ በቀስ ለሚሻሻል ነው።

ለምሳሌ ያለ ስክሪን 3,500 ሸቀል ይዛችኋል እንበል። የተለየ የስክሪን ካርድ የማይፈልግ ተማሪ ለፕሮሰሰሩና ለማዘርቦርዱ በአንድነት ከዚህ አንድ ሦስተኛውን፣ ቢበዛ 40 በመቶውን ቢመድብ ሚዛኑን የጠበቀ ነው። ማለትም ከ1,150 እስከ 1,400 ሸቀል። ቀሪው ለማስታወሻ፣ ለኤስኤስዲ ዲስክ፣ ለኃይል ሰጪና ለሳጥኑ ይሆናል። ሻጩ ለፕሮሰሰር ብቻ 1,800 ሸቀል የሚያስወጣችሁ ከሆነ ከሌላ ቦታ መቁረጣችሁ አይቀርም። የሚቆረጠው ብዙ ጊዜ የኃይል ሰጪው ወይም የማስታወሻው ነው፤ ያን ጊዜ ውዱ ፕሮሰሰር ሙሉ አቅሙን አያሳይም።

ሶኬት፦ ሁለቱ የሚገናኙበት ቦታ

በማዘርቦርዱ ላይ ፕሮሰሰሩ የሚቀመጥበት አራት ማዕዘን ቦታ ሶኬት ይባላል። እያንዳንዱ ሶኬት የራሱ ስም አለው፤ ሌላ ስም ያለው ፕሮሰሰር በላዩ አይቀመጥም። ስለዚህ በመጀመሪያ የሚመሳከረው የሶኬቱ ስም ነው።

በኢንቴል በኩል በገበያ የምታገኟቸው በዋነኛነት ሁለት ናቸው። ኤልጂኤ1700 በ2021 የወጣ ሲሆን 12ኛውን፣ 13ኛውንና 14ኛውን ትውልድ ይቀበላል። ኤልጂኤ1851 በ2024 መጨረሻ ወጥቶ ኮር አልትራ 200 የሚባሉትን ይቀበላል። ከእነዚህ በፊት የነበረው ኤልጂኤ1200 (2020) አሁን የሚገኘው በአብዛኛው በሁለተኛ እጅ ገበያ ነው።

በኤኤምዲ በኩልም ሁለት ናቸው። ኤኤም4 ከ2017 ጀምሮ የወጡትን የመጀመሪያዎቹን ራይዘኖች እስከ 5000 ተከታታይ ድረስ ያስተናግዳል። ኤኤም5 በ2022 የወጣ ሲሆን ለ7000፣ ለ8000ና ለ9000 ተከታታይ ነው።

ከዓመተ ምሕረቶቹ አንድ ነገር ማየት ይቻላል። ኢንቴል ከ2020 እስከ 2024 ባለው ጊዜ ሦስት ሶኬት ተጠቅሟል። ኤኤምዲ ግን በአንድ ሶኬት ለብዙ ዓመት ቆይቷል፤ ኤኤም5ንም ቢያንስ እስከ 2027 እንደሚደግፍ አስታውቋል። ይህ ለመካከለኛ በጀት ትልቅ ትርጉም አለው። ዛሬ በገንዘባችሁ ልክ ፕሮሰሰር ገዝታችሁ ከሦስት ዓመት በኋላ ማዘርቦርዱን ሳትነኩ ፕሮሰሰሩን ብቻ ወደ ተሻለ መቀየር ትችላላችሁ ማለት ነው። ኮምፒውተሩን እስኪደክም ድረስ ሳትነኩት ለመጠቀም ያሰባችሁ ግን ይህ ጥቅም ብዙም አይመለከታችሁም፤ ለእናንተ የዛሬው ዋጋ ይቅደም።

አንዳንድ ሰው «ኢንቴል የአገራችን ነው» ብሎ ይመርጣል። እውነትም ኢንቴል በሐይፋ የልማት ማዕከሉን የከፈተው በ1974 ነው። ከቤርሼቫ በስተሰሜን ወደ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ በምትገኘው በኪርያት ጋትም ትልቅ የቺፕ ፋብሪካ አለው። ኤኤምዲ ደግሞ የራሱ የቺፕ ፋብሪካ የለውም፤ የራይዘን ፕሮሰሰሮች ዋና አካል የሚመረተው ታይዋን በሚገኘው ቲኤስኤምሲ ነው። ነገር ግን በሱቅ የሚሸጠው ዕቃ በዋጋውና በሚሰጠው ጥቅም ይመዘን። ሁለቱም ኩባንያዎች በመካከለኛ ዋጋ ጥሩ ፕሮሰሰር አላቸው።

ከቁጥሩ በኋላ ያለችው ፊደል

የፕሮሰሰር ስም ረጅምና አሰልቺ ነው፤ ብዙ ገንዘብ የሚያበላሸው ግን መጨረሻ ላይ ያለችው አንዲት ፊደል ናት።

በኢንቴል «ኤፍ» ፊደል ካለች ፕሮሰሰሩ በውስጡ የስክሪን ሥዕል የሚያወጣ ክፍል የለውም። ኮር አይ5-12400 ሥዕል ያወጣል፤ አይ5-12400ኤፍ ግን የተለየ የስክሪን ካርድ ካልተገዛለት ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ይቀራል። የ«ኤፍ»ው ዋጋ ዝቅ ስለሚል ማስታወቂያ ላይ ዓይን ይስባል። የስክሪን ካርድ ለመግዛት ካላሰባችሁ ግን ቅናሹ የሐሰት ቅናሽ ነው። «ኬ» ማለት ፍጥነቱን ከተወሰነለት በላይ መጨመር የሚቻል ማለት ነው፤ ለዚህ ውድ ማዘርቦርድና ጠንካራ ማቀዝቀዣ ስለሚያስፈልግ በመካከለኛ በጀት አይመከርም።

በኤኤምዲ ነገሩ ትንሽ ይለያል። በኤኤም4 ላይ ራይዘን 5 5600 ሥዕል አያወጣም፤ ራይዘን 5 5600ጂ ግን ያወጣል። በኤኤም5 ላይ ራይዘን 5 7600 ለቢሮ ሥራና ለቪዲዮ የሚበቃ ሥዕል የሚያወጣ ክፍል አለው፤ 7500ኤፍ ግን የለውም። 8600ጂ ደግሞ ጠንከር ያለ የሥዕል ክፍል ስላለው ያለ ስክሪን ካርድ ቀላል ጨዋታዎችን ያጫውታል። «ኤክስ3ዲ» የሚል የተጻፈባቸው በተለይ ለጨዋታ የተሠሩ ስለሆኑ ዋጋቸው ከፍ ይላል።

«አይ7 ከአይ5 ሁልጊዜ ይበልጣል» የሚለውም ትክክል አይደለም። የ2015 አይ7 አራት ኮር ብቻ ነበረው፤ የ2022 አይ5-12400 ስድስት ኮርና 12 የሥራ መስመር አለው። መጀመሪያ ትውልዱን ተመልከቱ፣ ከዚያ የኮሩን ብዛት፣ ከዚያ ፊደሏን።

ማዘርቦርድ፦ የቱ ይከፈልበታል? የቱ ይተዋል?

የማዘርቦርድ ስም ውስጥ ያለው ፊደልና ቁጥር፣ ለምሳሌ ቢ650 ወይም ኤች610፣ ቺፕሴቱን ይነግራል። ቺፕሴት ሰሌዳው ምን ያህል ዕቃ ማስተናገድ እንደሚችል የሚወስን ክፍል ነው። በቀላሉ ሦስት ደረጃ አድርጋችሁ ያዙት።

ዝቅተኛው ደረጃ በኤኤምዲ ኤ520 እና ኤ620፣ በኢንቴል ኤች610 እና ኤች810 ነው። መሥራት ይሠራሉ፤ ግን ብዙዎቹ ለማስታወሻ ሁለት መሰኪያ ብቻ አላቸው፤ ለተጨማሪ ዲስክም ቦታቸው ጠባብ ነው። ለሰነድና ለቪዲዮ ብቻ ለሚፈለግ ኮምፒውተር ይበቃሉ።

መካከለኛው ደረጃ በኤኤምዲ ቢ550፣ ቢ650 እና ቢ850፣ በኢንቴል ቢ660፣ ቢ760 እና ቢ860 ነው። ለመካከለኛ በጀት የሚመከረው ይህ ነው። ብዙ ጊዜ አራት የማስታወሻ መሰኪያና ሁለት የኤም.2 ዲስክ ቦታ ይኖረዋል። ከመግዛት በፊት ግን የዚያኑ ሞዴል ዝርዝር ማየት ያስፈልጋል።

ከፍተኛው ደረጃ እንደ ኤክስ870 እና ዜድ790 ያሉት ናቸው። ፕሮሰሰራቸውን ከመደበኛው ፍጥነት በላይ ለሚያስኬዱና ብዙ ካርድ ለሚሰኩ ነው። ለተማሪ ቤት የሚጨመረው ገንዘብ ተመልሶ አይታይም።

በመካከለኛው ደረጃ ውስጥም ልዩነት አለ። ገንዘብ የሚገባቸው ነገሮች አራት ናቸው። አንደኛ፣ ለፕሮሰሰሩ ኃይል የሚያከፋፍለው ክፍል ላይ ሙቀት የሚያበርድ ብረት የተገጠመለት መሆኑ። ሁለተኛ፣ አራት የማስታወሻ መሰኪያ። ሦስተኛ፣ ለስክሪን የሚሆን ኤችዲኤምአይ ወይም ዲስፕሌይፖርት መውጫ፤ ፕሮሰሰሩ ሥዕል ቢያወጣም ሰሌዳው መውጫ ከሌለው አይጠቅምም። አራተኛ፣ ቤታችሁ ውስጥ የኢንተርኔት ገመድ እስከ ኮምፒውተሩ የማይደርስ ከሆነ በሰሌዳው ላይ የተገጠመ ዋይፋይ። መብራት የሚያብለጨልጩት ጌጦች ግን ለሥራው አንዳች አይጨምሩም።

መጠኑንም አትርሱ። ኤቲኤክስ የሚባለው 305 በ244 ሚሊሜትር ነው፤ ማይክሮ ኤቲኤክስ 244 በ244 ነው። ሳጥኑ ትልቁን የሚይዝ ከሆነ ትንሹንም ይይዛል፤ ትንሽ ሳጥን ግን ትልቁን ሰሌዳ አይቀበልም። ብዙ ጊዜ ማይክሮ ኤቲኤክስ ዋጋው ዝቅ ስለሚል ለመካከለኛ በጀት ይስማማል።

የማስታወሻ ዋጋ ምርጫውን ሲለውጥ

ከ2025 መጨረሻ ጀምሮ የኮምፒውተር ማስታወሻ ዋጋ በዓለም ገበያ በብዙ ጨምሯል። ምክንያቱ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ማዕከላት ከፋብሪካዎች የሚወጣውን ማስታወሻ በብዛት መግዛታቸው ነው። ይህ ፕሮሰሰርና ማዘርቦርድ ለሚመርጥ ሰው በቀጥታ ይመለከተዋል። የትኛውን ማስታወሻ መግዛት እንዳለባችሁ የሚወስነው ማዘርቦርዱ ነውና።

ኤኤም4 የሚቀበለው ዲዲአር4ን ብቻ ነው። ኤኤም5ና ኤልጂኤ1851 የሚቀበሉት ዲዲአር5ን ብቻ ነው። ኤልጂኤ1700 ግን በሁለት ዓይነት ይሸጣል፤ አንዱ ሰሌዳ ለዲዲአር4፣ ሌላው ለዲዲአር5። በአንድ ሰሌዳ ላይ ሁለቱን መቀላቀል አይቻልም፤ መሰኪያቸውም አይገጥምም። ስለዚህ ከሰሌዳው ዋጋ ጋር የማስታወሻውንም ዋጋ ደምራችሁ አወዳድሩ።

በዚህ መሠረት ለመካከለኛ በጀት ሦስት ጥምረቶችን ማሰብ ይቻላል።

የመጀመሪያው፣ ቤት ውስጥ ዲዲአር4 ያለው የቆየ ኮምፒውተር ላላችሁ ነው። ማስታወሻውን አውጥታችሁ ከራይዘን 5 5600ጂ እና ከቢ550 ሰሌዳ ጋር መጠቀም ትችላላችሁ። ዛሬ ማስታወሻ በተወደደበት ጊዜ ይህ ብዙ ያድናል። ጉድለቱ ኤኤም4 ወደ መጨረሻው የደረሰ ሶኬት መሆኑ ነው፤ ከዚህ በኋላ ብዙ የሚሻሻልበት መንገድ የለም። ከቆየ ላፕቶፕ የወጣ ማስታወሻ ግን አጭር ስለሆነ በዚህ ሰሌዳ ላይ አይሰካም።

ሁለተኛው፣ ኢንቴል አይ5-12400 (ኤፍ የሌለበት) ከቢ660 ወይም ከቢ760 ሰሌዳ ጋር ነው። በዲዲአር4 ወይም በዲዲአር5 ሰሌዳ፣ እንደ ማስታወሻው ዋጋ መምረጥ ይቻላል። ለቢሮ ሥራ፣ ለትምህርትና ለፕሮግራም ሥራ በቂ ነው። ከዚህ ዝቅ ያለ በጀት ያለው አራት ኮር ያለውን አይ3-12100 ሊያስብ ይችላል።

ሦስተኛው፣ ራይዘን 5 7600 ከቢ650 ወይም ከቢ850 ሰሌዳ ጋር ነው። ዛሬ ዲዲአር5 ስለሚጠይቅ መነሻው ይወደዳል፤ ለወደፊት ለማሻሻል ግን ከሦስቱ የተሻለው ነው። ገንዘቡ የማይበቃ ከሆነ ዛሬ 16 ጊጋባይት ማስታወሻ ገዝቶ፣ ዋጋው ሲረጋጋ መጨመር ይቻላል። ለዚህም ነው አራት መሰኪያ ያለው ሰሌዳ የሚመከረው።

ስለ ኢንቴል 13ኛና 14ኛ ትውልድ አንድ ማሳሰቢያ። በ2024 ጠንከር ያሉት አይ7ና አይ9 ሞዴሎች፣ ከአይ5ም «ኬ» ያለባቸው፣ ከተገቢው በላይ ቮልቴጅ እየደረሳቸው መረጋጋት እንደሚያጡና ሊጎዱ እንደሚችሉ ታውቋል። ኢንቴል ማስተካከያ ለቋል፤ ለተጎዱት ሞዴሎችም ዋስትናውን በሁለት ዓመት አራዝሟል። አዲስ የሚገዛ ሰው ማዘርቦርዱን ወደ አዲሱ ባዮስ ማደስ አለበት። ሁለተኛ እጅ የሚገዛ ግን ፕሮሰሰሩ ከማስተካከያው በፊት ምን ያህል እንደተሠራበት ማወቅ ስለማይችል እነዚህን ሞዴሎች ቢተዋቸው ይሻላል።

የቤርሼቫ ሙቀትና አቧራ

በኔጌቭ በጋ ከሰዓት በኋላ ከ30 ዲግሪ በላይ መሆን የተለመደ ነው። አየር ማቀዝቀዣ በሌለበት ክፍል ውስጥ ያለ ኮምፒውተር ከክፍሉ ሙቀት በታች ሊቀዘቅዝ አይችልም፤ የሚጀምረው ከዚያ ነው። ስለዚህ ትንሽ ኃይል የሚወስድ ፕሮሰሰር መምረጥ እዚህ ከሌላ ቦታ ይበልጥ ይጠቅማል። አይ5-12400፣ ራይዘን 5 5600ጂ እና ራይዘን 5 7600 ሦስቱም በ65 ዋት ደረጃ የሚመደቡ ናቸው፤ ሥራ ሲበዛባቸው ከዚያ ከፍ ይላሉ። በአንጻሩ አይ7-14700ኬ ሥራ ሲበዛበት እስከ 253 ዋት ሊወስድ ይችላል። ያ ሁሉ ኃይል ሙቀት ሆኖ ክፍሉ ውስጥ ይቀራል፤ በመብራት ሒሳብም ላይ ይታያል።

አቧራው ሌላው ጉዳይ ነው። ፊቱ ላይ ታጥቦ የሚመለስ የአቧራ ማጣሪያ ያለውን ሳጥን ምረጡ፤ ከወለል ከፍ አድርጋችሁ አስቀምጡት፤ የአሸዋ ነፋስ በሚበዛበት ወቅት በየወሩ ማጣሪያውን አጽዱ።

ሱቅ ስትሄዱ

በሱቅም ሆነ በድረ ገጽ ዕቃዎቹ በዕብራይስጥ ስማቸው ስለሚጻፉ አስቀድማችሁ እወቋቸው። ፕሮሰሰር «መዓቤድ»፣ ማዘርቦርድ «ሉዋሕ ኤም»፣ ማስታወሻ «ዚካሮን»፣ የስክሪን ካርድ «ካርቲስ ማሳክ»፣ ኃይል ሰጪ «ሳፓክ ኮዋሕ»፣ ሳጥን «ማአራዝ»፣ ዋስትና «አሕራዩት» ይባላል።

ዋጋን በዛፕ ድረ ገጽ ላይ ማወዳደር ይቻላል፤ ትልልቆቹ የኮምፒውተር ሱቆችም ዋጋቸውን በኢንተርኔት ያወጣሉ። የሚታየው ዋጋ ማዓምን ያካተተ የመጨረሻ ዋጋ መሆን አለበት። ማዓም ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ 18 በመቶ ነው። የኖቬምበር ቅናሽ በስግድ በዓል ሰሞን ስለሚመጣ ብዙ ሰው ያንን ይጠብቃል። ቅናሹ እውነተኛ መሆኑን ለማወቅ ግን የዕቃውን ዋጋ ከጥቂት ሳምንታት በፊት ጽፋችሁ ያዙ።

ሦስት ነገር ጠይቁ። የመጀመሪያው፣ ፕሮሰሰሩ በሳጥን የታሸገ ነው ወይስ «ትሬይ»? ትሬይ ማለት ያለ ሳጥንና ያለ ማቀዝቀዣ የሚሸጥ ማለት ነው። ዋጋው ይቀንሳል፤ ነገር ግን ማቀዝቀዣ ለብቻ መግዛት አለባችሁ፤ ዋስትናውንም የሚሰጠው ማን እንደሆነና ለስንት ጊዜ እንደሆነ በጽሑፍ ማግኘት ያስፈልጋል። ኢንቴልና ኤኤምዲ በሳጥን ለሚሸጡት በተለምዶ የ3 ዓመት ዋስትና ይሰጣሉ። ሁለተኛው፣ ሰሌዳው ላይ ያለው ባዮስ ይህን ፕሮሰሰር ያውቀዋል ወይ? ባዮስ ሰሌዳው ሲነሳ የሚሠራው ትንሽ ፕሮግራም ነው። ሶኬቱ ቢገጥምም ከፕሮሰሰሩ በፊት የተመረተ ሰሌዳ ሳይታደስ ላይነሳ ይችላል። ሱቁ አድሶ እንዲሰጣችሁ ጠይቁ፤ ወይም ያለ ፕሮሰሰር በፍላሽ ባዮስን የሚያድስ ቁልፍ ያለውን ሰሌዳ ምረጡ። ሦስተኛው፣ መገጣጠም ስንት ያስከፍላል? ክፍሎቹን ሁሉ ከአንድ ሱቅ ከገዛችሁ እዚያው ማስገጣጠም ትችሉ ይሆናል። ያን ጊዜ አልገጥም ያለ ዕቃ ቢኖር ኃላፊነቱ የሱቁ ነው።

መብታችሁን እወቁ

በ1981 የወጣው የሸማቾች ጥበቃ ሕግ ለእናንተም ነው። በስልክ ወይም በኢንተርኔት የገዛችሁትን ዕቃ ከተረከባችሁ በኋላ በ14 ቀን ውስጥ ግዢውን መሰረዝ ትችላላችሁ። ሻጩ የሚቆርጠው የመሰረዣ ክፍያ ከዋጋው 5 በመቶ ወይም 100 ሸቀል፣ ከሁለቱ ከሚያንሰው አይበልጥም። ዕቃው ብልሽት ካለበት ወይም ከተነገራችሁ የተለየ ከሆነ ምንም አይቆረጥባችሁም።

ለሦስት ወገኖች ጊዜው ይረዝማል። አካል ጉዳተኛ፣ ዕድሜው 65 የሞላ ወይም የዖሌ ሰነዱን ካገኘ 5 ዓመት ያልሞላው አዲስ ገቢ ከሆነ፣ ከሻጩ ጋር በንግግር ወይም በኢንተርኔት መልእክት ተነጋግሮ የገዛ እንደሆነ እስከ 4 ወር ድረስ መሰረዝ ይችላል። ዕብራይስጥ በደንብ ለማይሰሙ ወላጆቻችን ስልክ ደውለው ዕቃ ለሚሸጡ ሰዎች ይህ ድንጋጌ ትልቅ መከላከያ ነው።

ሱቅ ሄዳችሁ የገዛችሁትን የኤሌክትሪክ ዕቃም በ14 ቀን ውስጥ መመለስ ይቻላል፤ ከኤሌክትሪክ ጋር ካልተገናኘ ነው። ስለዚህ የሶኬቱንና የማስታወሻውን ስም በሳጥኑ ላይ ሳታመሳክሩ ማሸጊያውን አትክፈቱ። ዋጋቸው ከጥቂት መቶ ሸቀል በላይ ለሆነ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎች ሕጉ ቢያንስ የአንድ ዓመት ዋስትና ያስገድዳል። ደረሰኙንና የዋስትና ወረቀቱን በስልካችሁ ፎቶ አንሱ፤ የደረሰኝ ቀለም በጊዜ ይጠፋል።

ሻጩ መብታችሁን ቢከለክል ለሸማቾች ጥበቃና ለፍትሐዊ ንግድ ባለሥልጣን ማመልከት፣ ወይም በአነስተኛ ክሶች ፍርድ ቤት ያለ ጠበቃ መክሰስ ይቻላል።

ስትገጣጥሙ፦ የሚጎዳው ቦታ የት ነው?

መገጣጠሙ ራሱ አንድ ጠመዝማዛ መፍቻና ሁለት ሦስት ሰዓት ይበቃዋል። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ሶኬቱ ላይ ነው። በኢንቴልና በኤኤም5 ሰሌዳዎች ላይ ቀጫጭን ፒኖቹ ያሉት በሰሌዳው ላይ ነው፤ በኤኤም4 ደግሞ በፕሮሰሰሩ ሥር ናቸው። በእጅ የታጠፈ ፒን ዋስትና አይሸፍነውም። የሶኬቱን መሸፈኛ እንዳነሳችሁ ወዲያው ፒኖቹን ፎቶ አንሱ፤ ከፋብሪካው የታጠፈ ካለ ማስረጃችሁ እሱ ነው። በፕሮሰሰሩ ጥግ ያለችውን ትንሽ ሦስት ማዕዘን በሶኬቱ ላይ ካለችው ጋር አጋጥማችሁ በራሱ ክብደት እንዲቀመጥ ተዉት፤ ከላይ አትጫኑት። ሁለት ማስታወሻ ካላችሁ ብዙ ጊዜ ከፕሮሰሰሩ ሲቆጠር በሁለተኛውና በአራተኛው መሰኪያ ይገባሉ፤ የሰሌዳው መመሪያ ያሳያል። ሳጥኑ ውስጥ ከማስገባታችሁ በፊት በካርቶኑ ላይ አስነስታችሁ ሥዕል መምጣቱን አረጋግጡ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው፣ ሁሉን ካሰሩ በኋላ መፍታት እጥፍ ሥራ ነው።

ከቤት ሥራ ወደ እንጀራ

አንድ ኮምፒውተር በእጁ የገጣጠመ ወጣት ለኮምፒውተር ቴክኒሻን ሥራ (ተክናይ ማሕሸቪም) የመጀመሪያውን ደረጃ ጀምሯል። የትኛው ክፍል ከየትኛው እንደሚገጥም፣ የማይነሳ ኮምፒውተር ላይ ችግሩን በየተራ እየለዩ እንዴት እንደሚፈለግ ማወቅ በድርጅቶች የኮምፒውተር ድጋፍ ክፍል በየቀኑ የሚሠራ ሥራ ነው። ለቃለ መጠይቅ ስትቀርቡ የገጣጠማችሁትን፣ ለምን ያንን ፕሮሰሰርና ያንን ሰሌዳ እንደመረጣችሁ በአጭሩ መናገር ከብዙ ባዶ ቃል ይበልጣል።

ይህ ብቻውን ግን ሥራ አያስገኝም፤ ከመጠምጠም መማር ይቅደም። የኔትወርክና የዊንዶውስ ዕውቀት ያስፈልጋል። በቤርሼቫ የሚገኘው የሥራ ስምሪት ቢሮ (ሺሩት ሃታዓሱካ) ስለ ሙያ ኮርሶች መረጃ ይሰጣል። ቴክ-ካሪየር የተባለው ድርጅትም የማኅበረሰባችንን ወጣቶች ለቴክኖሎጂ ሥራ ያሠለጥናል። ከዩኒቨርሲቲው አጠገብ በ2013 የተከፈተው የጋቭ ያም ኔጌቭ የቴክኖሎጂ ፓርክም በራሳችን ከተማ ያለ ነው። ለዚህ ዓይነት ሥራ ወደ ቴል አቪቭ መሄድ ብቸኛው መንገድ አይደለም።

ከመክፈላችሁ በፊት አመሳክሩ

1. በፕሮሰሰሩና በማዘርቦርዱ ሳጥን ላይ የተጻፈው የሶኬት ስም አንድ ዓይነት ነው?
2. የስክሪን ካርድ ካልገዛችሁ ፕሮሰሰሩ ሥዕል ያወጣል? ሰሌዳውስ መውጫ አለው?
3. ሰሌዳው የሚቀበለው ዲዲአር4 ነው ወይስ ዲዲአር5? የገዛችሁት ማስታወሻስ?
4. ባዮሱ ፕሮሰሰሩን ያውቀዋል?
5. ማቀዝቀዣ አብሮ አለ ወይስ ለብቻ ይገዛል?
6. ሰሌዳው በሳጥኑ ይገባል?
7. የዋስትናው ጊዜና ዋስትናውን የሚሰጠው ድርጅት በደረሰኙ ላይ ተጽፏል?

ለሰባቱም መልስ ሳታገኙ ካርዳችሁን አታውጡ። ሻጩ «ይገጥማል፣ አትጨነቁ» ቢላችሁ በደረሰኙ ላይ እንዲጽፈው ጠይቁት።